የሙቢና አንደኛ ምርጫ

«ለዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሰው ይሞታል?» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ በሹክሹክታ የተናገረች መስሏት።

«የምን ዩኒቨርሲቲ! በሴት ልጅ ነው እንጂ» አለቻት አጠገቧ ያለችው። «ያ የኔት ቤቱ ልጅ የልጅቷን ምርጫ ከፍቶ፣ እሱ የተማረበትን አገር አንደኛ አድርጎ ሞላላት አሉ። ከወገኗ ነጥሎ ሊወስዳት። ሰኢድ ደግሞ ይሄን ሰምቶ ዝም የሚል ልጅ ነው?»

«አይደለም። አላህ ይዘንለት።»

ሙቢና ሁሉንም ሰማች። ከእናቷ ከሀሊሜ አጠገብ ፍራሹ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ወንድሟ ሰኢድ ከተቀበረ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም፤ ሬሳውን ተሸክመው የወጡት ሰዎች ጫማ ላይ ያለው ጭቃ እንኳን አልደረቀም። ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሥር ናቸው። ጎረቤት ከፔርሙዝ እየቀዳ ያድላል፤ የሚጠጣ ግን የለም።

ሰኢድ ዝም የሚል ልጅ አልነበረም፤ ይሄ እውነት ነው። የተቀረው ወሬ ከራሱ እስከ ጫፉ ውሸት ነው። ውሸቱን የፈጠረችው ደግሞ ሙቢና ናት። ምርጫውን የቀየረችው ራሷ፣ በገዛ ጣቷ ነው። ይህን ከሷ በቀር የሚያውቀው ፖሊስ ጣቢያ የታሰረው የኔት ቤቱ ልጅ ኤልሮኢ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ማን ያምነዋል? ገዳይ ነው።

ወደ ማታ ገደማ አንድ አይሱዙ መኪና ከጢቾ መጣ። ቦንሳ፣ የአጎቷ የከዲሮ ልጅ፣ ከስምንት ጎረምሳ ጋር ዘሎ ወረደ። ከሰኢድ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አልተቀመጠም፤ መሎጊያውን በቡጢ መታው፤ ድንኳኑ ግማሽ ጎኑ ወደቀ። በመኪናው ሸራ ሥር ዱላና ገጀራ እንዳለ ግቢው በሙሉ አወቀ።

«ተቀመጥ» አለው አባቱ ከዲሮ። «ሦስቱ ቀን ሳያልቅ ከዚህ ግቢ አንድም ሰው አይወጣም።»

«ከሦስት ቀን በኋላስ?»

ከዲሮ ጺሙን ዳሰሰ። በሰፈሩ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በሱ ነው። «ሽማግሌዎቹ አርብ ከዐስር ሰላት በኋላ ይመጣሉ። ጉማ ሊጠይቁ» አለ። ጉማ ማለት ሽማግሌ ገብቶ ደም የሚያደርቅበት እርቅ ነው። «እኔ ግን የምላቸውን አውቃለሁ። የእህቱን ክብር ሲጠብቅ የተገደለ ሰው ደም በእርቅ አይበርድም። እዚያ ቤት ያለውን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

እዚያ ቤት ያለችው የኤልሮኢ እናት ናት፤ ብቻዋን። ሙቢና በመስኮት ሰማች። አርብ ከዐስር ሰላት በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አለባት። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። በሩ ድረስ ሄደች፤ ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

*

የሙቢና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ቀን ሰኢድ ከሚሠራበት የኮምባይነር ጋራዥ በቀጥታ፣ የዘይት ቱታውን እንደለበሰ መጥቶ ነበር። አምስት መቶ ሃያ አንድ ከስድስት መቶ። ስልኩን ከእጇ ነጥቆ ሦስት ጊዜ አነበበው። አልሳቀም፣ አላቀፋትም። ወጥቶ ሄዶ አንድ ሙሉ በግ ተሸክሞ ተመለሰ።

በሳምንቱ ምርጫ ሊሞሉ ኤልሮኢ ኔት ቤት ሄዱ። ኤልሮኢ በሶፍትዌር ምሕንድስና ከአርባ ምንጭ የተመረቀ፣ ሥራ አጥቶ አራት አሮጌ ኮምፒዩተር ይዞ የተቀመጠ ልጅ ነው። ሰኢድ ከጀርባዋ ቆሞ የግሪስ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ።

«አንደኛ፣ እዚሁ አሰላ። አርሲ ዩኒቨርሲቲ። ሁለተኛ አዳማ። ሌላውን እንደፈለግሽ።»

«በዚህ ውጤት ሶፍትዌር ከሆነ የምትፈልገው…» ብሎ ጀመረ ኤልሮኢ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ጻፍ!»

ጻፈ። የሚስጥር ቁጥሯን እንደ ሁሉም ተማሪ በደብተሩ መዘገበላት፤ ቢጠፋባት እሱ ጋ ይገኛል። ሲወጡ ሰኢድ ግንባሯን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ከቤትሽ ወጥተሽ ከቤትሽ ትገቢያለሽ» አላት።

ሙቢናን ያንገሸገሻት ይሄው ነበር። ከቤት ወጥቶ ቤት መግባት! ከአንድ ክፍል ልጅ ጋር ስትስቅ አይቶ መናኸሪያው ፊት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጆሮዋ እስኪጮህ በጥፊ ያጠናገራት እሱ ነው። ስልኳን ከግድግዳ ጋር ያላተመው እሱ ነው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ አባትም ወንድምም ዘበኛም ሆኖባታል። አራት ዓመት ደግሞ በሱ ዓይን ሥር! የመጨረሻውን ቀን እየቆጠረች ከርማ ሰኞ ዕለት ብቻዋን ኔት ቤት ገባች። ጥግ ያለው ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጣ አርባ ምንጭን አንደኛ አደረገች። የሚስጥር ቁጥሩንም ሰኢድ እንዳይከፍተው ቀየረችው። ኤልሮኢ ከሩቅ ሲያያት ነበር፤ ስትወጣ «ወንድምሽ ያውቃል?» ብሎ ጠየቃት። «ያውቃል» አለችው። የመጀመሪያው ውሸት ያ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሰኢድ ለዴራ ቆላ ስንዴ ኮምባይነር ሊያዘጋጅ ከመሄዱ በፊት፣ እህቱ የሞላችውን ለጓደኞቹ ሊያሳይ ኔት ቤት ጎራ ብሎ «አትምልኝ» አለ። ኤልሮኢ ሰኞ ስትጨርስ ያስቀመጠውን ቅጂ አትሞ ሰጠው። ሰኢድ በር ላይ ሳይደርስ አነበበው። ወደ ቤት የመጣው በሩጫ ነው፣ ከኮምባይነር ወድቆ የተሰበረ አንካሳ እግሩን እየጎተተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ ለጠፈው። ቀበቶውን ሲፈታ የብረት ዘለበቱ ሲንቃጨል ሰማች። አንድ ጊዜ ጀርባዋን፣ አንድ ጊዜ ክንዷን አገኛት። ሦስተኛውን ሲያነሳ ጮኸች፦

«እኔ አይደለሁም! ወላሂ እኔ አይደለሁም! ቁጥሬ ያለው ኤልሮኢ ጋ ነው፤ እሱ ነው የሚሆነው!»

የሰኢድ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፊቱ ተለወጠ። ቀበቶውን ጣለውና «በቃ፣ አታልቅሺ» አላት፤ ድምፁ ለስልሶ ነበር። ወጥቶ ሄደ። ሙቢና አልተከተለችውም። ቢበዛ ይሰዳደባሉ ብላ ነው፤ እንዲያውም ተገላገልኩ ብላ ነበር።

*

የሆነውን የሚተርከው የኔት ቤቱ ጎረቤት ልብስ ሰፊ ነው። ሐሙስ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ለአሥረኛ ጊዜ ሲተርክ ሙቢና በመስኮት ታዳምጣለች።

«ገብቶ የላሜራውን በር ከውስጥ ዘጋው። ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ ቤቱ ተናወጠ። ኮምፒዩተሩን አንስቶ አናቱ ላይ ነው የከሰከሰው። ልጁ ‹እሷ ናት፣ እሷ ራሷ መጥታ ነው የቀየረችው!› ይላል። ሰኢድ ደግሞ በመታው ቁጥር ‹እህቴ አትዋሽም! እህቴ አትዋሽም!› ይላል። ወንድም ማለት እንደዚህ ነው። በሩን ገንጥለን ስንገባ ሰኢድ በኤሌክትሪክ ገመድ አንገቱን አንቆት፣ ልጁ ዓይኑ ፈጦ፣ ጥርሱ ረግፎ… የልጁ እጅ ጠረጴዛው ላይ ያለ ካቻቢቴ ላይ ደረሰ፤ ኮምፒዩተር የሚፈታበት። አንዴ ብቻ ነው የወጋው። እዚህ ጋ።» ከአንገቱ ሥር በጣቱ አሳየ። «ሰኢድ በእግሩ ወጣ። መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ‹ባጃጅ ጥሩልኝ› አለ። ደሙ በጣቶቹ መሃል እየፈነጠቀ።»

እህቴ አትዋሽም። ሙቢና ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነከሰችው። ሲመታት የኖረ ሰው ነው፤ ሲሞት ግን ቃሏን አምኖ ነው የሞተው። ብትጠላው በቀለላት ነበር፤ አልቻለችም።

ያን ቀን ከሰዓት ፖሊሶች ቃሏን ሊቀበሉ መጡ። ከዲሮ በር ላይ ቆሞ መለሳቸው። «ልጅቷ ሐዘን ላይ ናት። ያለችውን እኔ እነግራችኋለሁ» አለ፤ ነገራቸውም። ሙቢና ከጀርባው ቆማ ነበር።

ሊመሽ ሲል አንዲት አሮጊት ለማጽናናት ያህል «እግሩም እኮ በዚያ ኮምባይነር ተሰብሮ ብዙ ተሰቃይቷል፤ አሁን አረፈ» አለች። ከሁለት ቀን ጀምሮ ቃል ያልወጣት ሀሊሜ ቀና አለች።

«ከኮምባይነር አልወደቀም» አለች።

ሴቶቹ ወደሷ ዞሩ።

«ዋሽቻችኋለሁ። ዋሺ ብሎኝ ነው። ሦስተኛ ዓመት መካኒካል ምሕንድስና እየተማረ፣ እዚያ ሩቅ አገር ብጥብጥ የተነሳ ጊዜ፣ ብረት ይዘው መኝታ ክፍላቸው ገቡባቸው። አብሮት የሚተኛውን ልጅ ዓይኑ እያየ ቀጠቀጡት። እሱ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ዘለለ። ቦንሳ ነው በፒካፕ ሄዶ ያመጣው። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤቱን ስም ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። እስከ ሞተ ድረስ መስኮቱን በሚስማር ቸንክሮ ነበር የሚተኛው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ይህቺን ልጅ ‹እዚሁ ትማር› ብሎ ሲቆርጥ እኔ ነኝ ‹ለምን?› ያልኩት። ‹ኡሚ፣ እዚያ ቢገቡባት በየት ትዘላለች?› አለኝ።»

ሙቢና ተነስታ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ቆጡ ሥር ተንበረከከች። ቆይ፣ ለምን አልነገራት? አንዴ እንኳን «ፈርቼልሽ ነው» ቢላት ምን ነበረበት? እንዳትሰማው በጥፊ ደንቁራ፣ እንዳትጠይቀው ፈርታው፣ ይኸው አለቁ። ተናደደችበት፤ ሞቶም ተናደደችበት። ከዚያ ደግሞ ናፈቃት።

*

አርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ከዲሮ ወደ ሴቶቹ ክፍል ብቅ ብሎ ስልኩን ዘረጋላት።

«ምርጫው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል አሉ። የወንድምሽ ኑዛዜ ነው፤ እሱ እንዳለው አስተካክይው። አርሲን አንደኛ። ቦንሳ መጀመሪያ ስትሞሉ በተሰጠሽ ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ሞክሮ እምቢ አለው። ያ ውሻ ቀይሮታል መሰለኝ፤ አንቺ ሞክሪው።»

«እሺ አጎቴ።»

ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ አፈጠጠችበት። ብትከፍተው ይጠይቋታል፤ እንዴት ከፈትሽው ይሏታል። ባትከፍተው ደግሞ ውሸቱ እውነት እንደሆነ ይቀራል። ግቢው ውስጥ ቦንሳና ጎረምሶቹ የአይሱዙውን ሸራ ከወዲሁ ፈትተዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ለዐስር ሰላት ሊነሱ ነው።

በዚህ መሃል የግቢው በር ተንኳኳ። ተንኳክቶ የሚገባበት ለቅሶ ስለሌለ ሁሉም ዞረ። ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ብቻዋን ገባች፤ ሲስተር መሰረት ናት፣ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ የኤልሮኢ እናት።

በዚህ አገር የገዳይ ወገን ሽማግሌ ሳይገባ ለሟች ወገን አይታይም፤ መንገድ ላይ እንኳን ቢያይ ይሸሸጋል። መሰረት ከደቡብ ተመድባ አሰላ ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የዚህን ከተማ ልጆች ግማሹን መርፌ ወግታለች፣ የማን ቤት ማን እንደታመመ ታውቃለች፤ ይህን ግን የነገራት የለም። ባደገችበት ቤት ለቅሶ የማይደረስበት ምክንያት የለም። ስለዚህ መጣች።

«ልጃችሁ በእጄ ላይ ነው ያለፈው» አለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። «ማን እንደወጋው ሳላውቅ ነው ደሙን በሁለት እጄ የያዝኩት። የኔው ልጅ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ሳላለቅስለት እንዴት…»

አልጨረሰችም። ቦንሳ ደረሰባት። ነጠላዋን ከነፀጉሯ ጨብጦ መሬት ላይ ጣላት፤ ጉልበቱን ደረቷ ላይ አሳረፈ። አንዱ ጎረምሳ በእርግጫ ጎኗን አገኛት፤ ትንፋሿ ሲቋረጥ ተሰማ። ሌላው ከመኪናው ላይ ዱላ ወረወረለት። ከዲሮ ፊቱን አዞረ። አላየም፣ አልሰማም፤ እንዳለው።

ሙቢና እንዴት እንደወጣች አታውቀውም። በባዶ እግሯ ነበረች። ቦንሳ ዱላውን ሲያነሳ በሁለት እጇ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የቀየርኩት! ልጇ አልነካውም!»

«ልቀቂኝ!»

«ሰኞ ብቻዬን ሄጄ ነው፣ በራሴ እጅ! ሰኢድ ሲመታኝ ፈርቼ በኤልሮኢ አሳበብኩ! ዋሽቼው ነው!»

ቦንሳ አሽቀንጥሮ ጣላት። «ሰማችሁ? ትወደዋለች ማለት ነው! ልታድነው ነው!»

«አልወደውም!» ከመሬት ሳትነሳ የከዲሮን ስልክ ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። ቁጥሩን ስትጽፍ ሁለቴ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው ገጹ ተከፈተ። ስሟ፣ ፎቶዋ፣ የምርጫዋ ዝርዝር። «ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሰኢድ እንዳይከፍተው። ይኸው አጎቴ፣ ይመልከቱት። ከኔ በቀር ማን ሊከፍተው ይችላል?»

ከዲሮ ስልኩን ተቀብሎ ከዓይኑ አራቀና አነበበ። ከዚያ አጠገቡ የነበረውን ወንበር ትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«‹እህቴ አትዋሽም› ነው ያለው» አለ።

ቦንሳ ከመሰረት ላይ ተነስቶ ወደ ሙቢና ዞረ። በጥፊ፣ በቡጢ፣ ደግሞ በጥፊ። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ አፏ ደም ደም አለ። እጇን ለመከላከል አላነሳችም፤ ማንም ደግሞ አልገላገላትም። እሱ ራሱ እያለቀሰ ነበር የሚመታት። ሲደክመው አጠገቧ ተደፋ፤ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ አፈሩን በጥፍሩ ቧጠጠ።

«ይበቃል» አለ ከዲሮ በመጨረሻ፤ ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም። «እናንተ፣ መኪናው ላይ ያለውን ሁሉ አውርዱና ጓሮ ጣሉት። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጉማውን እንቀበላለን። ውሸት ተሸክሜ ሰው ቤት ደም አላፈስም።» ወደ መሰረት ሳያይ ጨመረ፦ «ይህችን ሴት በጓሮ በር አውጧት። አንቺም ከዛሬ ጀምሮ እርቅ እስኪወርድ ከተማውን ልቀቂ። ዓይናችን እንዳያይሽ።»

ሁለት ሴቶች መሰረትን ደግፈው ወሰዷት። ጎኗን ይዛ ታቃስታለች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ሙቢናን አየቻትና ሄደች።

ሙቢና እየተንገዳገደች ቤት ገባች። ሴቶቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ አሳለፏት። ሀሊሜ ፍራሹ ላይ እንደነበረች ናት። ሁሉንም በመስኮት አይታለች። ሙቢና ፊቷ ተንበረከከች።

«ኡሚ…»

«መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ምኑ?»

«ምርጫው።»

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

«አሁን ማን ነው አንደኛው?»

«አርባ ምንጭ።»

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው፣ ኡሚ። ግን አሁን እመልሰዋለሁ፤ እሱ እንዳለው አደርገዋለሁ። እዚሁ እማራለሁ፣ አጠገብሽ ሆኜ…»

«እንዳለ ይሁን» አለች ሀሊሜ።

«ኡሚ፣ እባክሽ…»

«እዚህ ከተማርሽ በየቀኑ ላይሽ ነው። ልጄን በምላስሽ ገድለሽብኝ በየቀኑ ካየሁሽ፣ አንድ ቀን በዚህ እጄ እገድልሻለሁ። ከሁለቱ አንዱ እንኳን ይትረፍልኝ። ሩቅ ሂጂ። ተማሪ። ሳልጠራሽ እንዳትመጪ።»

ሙቢና ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ሀሊሜ ወደ ኋላ ሸሸች። ከሙቢና ከንፈር የሚወርደው ደም አገጯ ላይ ደርሶ ቀሚሷ ላይ ሊንጠባጠብ ነበር። ሀሊሜ አየችው። የሻሿን ጫፍ በምራቋ አራሰችና የልጇን አገጭ በአንድ እጇ ይዛ፣ ሕፃን እያለች አፏን እንደምትጠርግላት ጠረገችላት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደሙ እስኪቆም። ከዚያ በዚያው እጇ ገፋቻት።